ለጀማሪ የተመረጠችው ጠመንጃ

ሴፕ አምሽቱትስ ሞቶ የተገኘው በኢላማ ተኩስ ቤቱ ጓዳ፣ ዕድሜውን ሙሉ በተቀመጠባት የእንጨት ዱካ ሥር ነው። አንዲት ጥይት ደረቱን በስታ ወጥታለች። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ተኩሱ እስኪያበቃ የጠበቀ ይመስል ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ፣ ማዶ የቆሙትን ኢላማዎች አንድ በአንድ ዋጣቸው። የከብቶቹ ቃጭል እንኳ ጠፋ።

መንደሩ ለመፍረድ ፖሊስ አልጠበቀም። ሴፕ ጡረታ የወጣ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ ኢላማ ተኩስ ለሚጀምር ሁሉ ኪሱን የማይጎዳ የመጀመሪያ ጠመንጃ የሚመርጥለት እርሱ ነው። የዕለቱ ባለተራ ደግሞ ሊቪያ ነበረች፤ በቅርቡ ለመንደሩ ትምህርት ቤት የተቀጠረች መምህርት። ከሴፕ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፤ ሬሳውን ያገኘችውም እርሷ ናት። «ጀማሪ እጅ ምላጭ ስቦ ነው» ተባለ። ሳይመሽ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ እርሷ ክፍል እንደማይልኩ ተናገሩ። እንግዳ ሰው ላይ ለመፍረድ እኛን የሚቀድመን የለም።

ኢንስፔክተር ሬጉላ ቢግለር ከበርን ከተማ ስትደርስ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠችም። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ቶሎ የምታይ ሴት ናት። ጓዳው ውስጥ ብቻዋን ቆመች።

ሴፕን የገደለችው ለሊቪያ የተመረጠችው አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ነበረች። ግን ወለል ላይ አልወደቀችም። ግድግዳው ላይ ካለው ረጅም ማቆሚያ፣ በመስኮቱ ጥግ ቀጥ ብላ ቆማለች። መቀርቀሪያዋ ተከፍቷል፣ ካዝናዋ ወጥቷል፣ ብረቷ በዘይት ጨርቅ ተወልውሏል። ቀለሁም ቀለህ ከሚጠራቀምበት ባልዲ ውስጥ ነው፤ ገና የባሩድ ሽታ አለው። ሌሎቹ ቦታዎች የአባላት ስም ተጽፎባቸዋል፤ የጥጉ ቦታ ግን ስም የለውም፣ እንጨቱ ብቻ ባንድ ጠመንጃ ሰደፍ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጠረጴዛው ላይ መንጠቆ ያለው የሚዛን ብረት ተቀምጧል።

ሬጉላ ጠመንጃዋን በጨርቅ አስጠቅልላ ወሰደች። የት ቆማ እንዳገኘቻት ለማንም አልተናገረችም።

መጀመሪያ ሊቪያን ጠራች። ልጅቷ እጇን ጭኖቿ መሀል ቀብራ ተቀመጠች።

«ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«እኔ ካስፓር ሱቅ ያለውን አዲሱን ፈልጌ ነበር። ጋሽ ሴፕ ሳቀብኝ። ‹ልጄ፣ ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ግን በየቅዳሜው ነው። ትከሻሽ ላይ የምትገጥም፣ ምላጯ የማይዋሽ አሮጌ ትበቃሻለች› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያንን መንጠቆ ያለውን ብረት ምላጯ ላይ አንጠለጠለው። ጠቅ አለች። ደግሞ ሞከረ፤ ጠቅ አለች። ፊቱ ጠቆረ። ‹ሂጂ ውጪ ተናፈሺ› አለኝ። ተኩሱ ሲያስፈራኝ እስከ ሜዳው ዳር ሄድኩ። ስመለስ…» አለቀሰች። «ከዚህ ትምህርት ቤት ሌላ ምንም የለኝም፤ ያስሩኛል አይደል?»

ሬጉላ በሩን ከፍታ ቀጣዩን ጠራች።

ባለሱቁ ካስፓር እየተቆጣ ገባ። «አዎ፣ ያ ሽማግሌ ገበያዬን ዘግቶታል! ጀማሪ በመጣ ቁጥር ከየሰው ጣራ ሥር አንድ ዝገታም እያወረደ። ግን እሱ ከሞተ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?» አለና ድምፁ ተሰበረ።

«ጥይቱ ሲተኮስ አልሰማችሁም?»

«በፈጣኑ ዙር፣ ሁሉም ባንዴ በሚተኩስበት? ሁላችን በሆዳችን ተኝተን፣ ጆሯችንን ደፍነን፣ ዓይናችን ኢላማው ላይ ነው። ከኋላችን ዝሆን ቢያልፍም አናይ። ዛሬ ደግሞ ኤርቪን ትእዛዙን አዘገየብን፤ ክርናችን እስኪደነዝዝ ጠበቅን።»

ኤርቪን ገርበር የተኩሱ አዛዥ ነው፤ የወረዳው የተኩስ ንጉሥ ተብሎ ስንቴ እንደተሸለመ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የቅጠል ጉንጉኖች ይመሰክራሉ። እኛም በስሙ ስንኮራ ኖረናል።

«ጠመንጃዋን ያውቋታል?» አለችው ሬጉላ።

«የወታደር ጠመንጃ ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ነው። ይቺን አይቻትም አላውቅ።»

«ጓዳ ገብተው ነበር?»

«አዛዥ ቦታውን ጥሎ የት ይሄዳል? ከተኳሾቹ ኋላ ነበርኩ። ልጅቷ ታሳዝናለች፣ ግን የሆነው ሆኗል።»

በመጨረሻ የኤርቪንን ሚስት ትሩዲን አገኘቻት፤ ለተኳሾቹ ቋሊማ የምትጠብሰው እርሷ ናት። ምድጃው ከጠፋ ቆይቷል፣ ትሩዲ ግን መጥበሻውን መፈተጓን አልተወችም።

«ሴፕ ጠመንጃዎቹን ከየት ነው የሚያመጣው፣ እትዬ ትሩዲ?»

«ከየቤቱ ነዋ። የማን ጣራ ሥር ነው የወታደርነት ዘመን ጠመንጃ የሌለው?» አለችና ዓይኗን ሰበረች። ሬጉላ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ጓዳው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጭጋጉ መስኮቱን ዘግቶ መብራት ማብራት አስፈልጎ ነበር። አሮጌዋ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች።

«ሊቪያ» አለች ሬጉላ፣ የካስፓርን ጠመንጃ እያቀበለቻት፤ «መቀርቀሪያውን ክፈቺ፣ ካዝናውን አውጪ።»

ልጅቷ ገፋች፣ ሳበች፣ አጣመመች። መቀርቀሪያው ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰው በሐፍረት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሴፕን የገደለው ሰው ግን ከተኮሰ በኋላ መቀርቀሪያ ከፍቷል፣ ካዝና አውጥቷል፣ ቀለሁን ባልዲ ውስጥ ጥሏል፣ ብረቷን ወልውሏል። ሰው ገድሎም ደንቡን አልዘነጋም። ይህ ከናንተ የአንዳችሁ እጅ ነው።»

ካስፓር ጠመንጃውን ከልጅቷ እጅ ወሰደ።

«ጥይቱ የተተኮሰው በፈጣኑ ዙር ጫጫታ ውስጥ ነው። ጫጫታው መቼ እንደሚጀምር ደግሞ…» አለችና አቋረጠች። ጠመንጃዋን አንሥታ አጠገቧ ለቆመው ኤርቪን ሰጠችው። «ይቅርታ፣ ይቺን ቦታዋ ይመልሱልኝ። ካስፓር፣ አንተስ ትላንት ስንተኛው መስመር ላይ ነበርክ?»

ካስፓር መልስ ጀመረ፤ ሁሉም ወደ እርሱ ዞረ፣ ከሬጉላ በስተቀር። ኤርቪን መቀርቀሪያውን ከፈተ፣ ውስጡን አየ፣ ካስፓርን እየሰማ ሄዶ ጠመንጃዋን አቆማት።

በመስኮቱ ጥግ።

«ካስፓር፣ የእንግዳ ጠመንጃ የት ነው የሚቆመው?»

«በሩ ጋ ነው፣ ሁሌም።»

«ያ የጥግ ቦታስ የማን ነው?»

ካስፓር ዞሮ አየ። ቀስ ብሎ፣ «የኤርቪን ነበር» አለ። «አዲሱ ወፍራም ጠመንጃው አልገባ ብሎት ወደ ወዲያ ሲዛወር ባዶ ቀረ። የንጉሥ ቦታ ነው ብለን ማንም አልደፈረውም።»

«ትላንትም ያገኘኋት እዚያው ነው» አለች ሬጉላ። «አይቻትም አላውቅ ያሏትን ጠመንጃ እጅዎ ሁለት ጊዜ ቤቷ መለሳት።»

ከዚያ የሚዛን ብረቱን አነሣች። ምላጩ ሳይለቅ ይህን ብረት ማንሣት ያልቻለ ጠመንጃ ለውድድር አይፈቀድም፤ ይህን በዚያ ክፍል የማያውቅ የለም። መንጠቆውን ምላጯ ላይ አንጠለጠለችና ጠመንጃዋን ወደ ላይ ሳበች። ብረቱ ከጠረጴዛው ገና ሳይነሣ ጠቅ አለች። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ አዳራሹ ያሉት ጉንጉኖች ሁሉ ግን በዚያች ድምፅ ረገፉ።

«ምላጯ በጣት ንክኪ እንዲለቅ ተሞርዷል፤ እነዚያን ሽልማቶች የወሰዱት በዚህ ማታለል ነው። ሴፕ ይህን ሲያውቅ ልጅቷን አስወጥቶ እርስዎን ጠራ። ለዚህ ነው ትእዛዙ የዘገየው። ተመልሰው ‹ተኩስ› አሉ፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶዎት ሳለ ገቡ።»

ኤርቪን ዱካዋ ላይ ተቀመጠ፤ የሴፕ ዱካ መሆኗን ያስተዋለ አልመሰለም። «‹ማታ በሁሉም ፊት ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለኝ» አለ። «ለመንኩት። ከልጅነታችን ጓደኛዬ ነበር፤ ለመንኩት እኮ! ግን ማን ሰጠው? ከጣራ ሥር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ደብቄያት ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለች ትሩዲ።

ዘወር ብሎ አያት፤ እርሷ ግን አላየችውም። በሰዎቹ መሀል አልፋ ሊቪያ ፊት ቆመችና የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለች። «ርካሽ ነገር የሰጠሁሽ መስሎኝ ነበር።»

ትሩዲ እጇን ለቀቀች፣ ወደ አዳራሹ ወጣች፣ ወንበር አስጠግታም ጉንጉኖቹን ታወርድ ጀመር። ማንም ተዪ አላላትም።