ያፈረባት

ሐቢብ ማትሪክ የወደቀበት ዓመት እንዳለ በሐፍረት አለፈ። የሚያውቀው ሰው ከሩቅ ከታየው መንገድ ይቀይራል። ሱቅ ሲላክ ሻርፕ ይጠመጥማል። በሐይቅ ከተማ «አንተስ የት ደረሰህ?» የማይል ሰው የለም፤ የትም እንዳልደረሰው መናገር ደግሞ ከመውደቁ በላይ ይከብደው ነበር።

በግል ሊፈተን ተመዝግቦ ቱቶሪያል የጀመረው ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ማንም እንዳያየው ከኋላ ተቀመጠ። ከጎኑ ጥቁር አባያ የለበሰች ልጅ ነበረች። ከተማሪው ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እሷም ከኋላ የተቀመጠችው ለዚሁ ነው።

«ሞኖኮትና ዳይኮት!» አለ የባዮሎጂ መምህሩ። «በምሳሌ የሚነግረኝ?»

ልጅቷ እጇን አወጣች። «ፉል ዳይኮት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቲቸር፣ ቁርስ እያዘዘች ነው!» አለ አንዱ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሐቢብ ያን አንገት ሲያይ የራሱን ያየ መሰለው።

«ትክክል ናት» አለ ሳያስበው። «ፉል ከባቄላ ነው የሚሠራው። ባቄላ ሲላጥ ለሁለት ይከፈላል።»

ሲወጡ በር ላይ ጠበቀችው። ስሟ ሀውራ ነው። ከጅዳ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም።

«አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ባቄላ ስዘፈዝፍ ኖሬያለሁ» አለችው። «ዳይኮት ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።»

«ቢነገርሽስ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ትንሽ አከብረው ነበር።»

ሐቢብ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀ እሱም አላስታወሰም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካለው የአጎቱ ጓሮ እየተገናኙ ያጠኑ ጀመር። ሒሳብና ፊዚክስ ለሐቢብ ጠላቶቹ ናቸው። ተክል ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሽንኩርት ነቅሎ ሥሩን ያሳያታል፤ ቅጠል ለብርሃን ገልጦ ውኃው የሚወጣበትን መስመር በጣቱ ይከተላል። እንግሊዝኛው ሲያስቸግራት በአማርኛ ይነግራታል፤ አማርኛው ሲጠፋው እሷ በዓረብኛ ትሞላለታለች።

አንድ ቀን ሁለት የዱባ አበባ ፊቷ አስቀመጠ።

«ይሄ ወንዴ ነው። ይቺ ሴቴ ናት፤ አየሽ፣ ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ ይዛለች።»

«አንዱ እዚያ፣ አንዷ እዚህ። ታዲያ በምን ይገናኛሉ?»

«በንብ ነዋ።»

«ንብ ባይመጣስ?»

«ያቺ ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።»

ሀውራ አበባዋን አንስታ በጣቷ ዳበሰቻት።  ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ የሻሿን ጫፍ ወደ ሐቢብ ሲገፋው እጁን የሚያደርግበት ጠፋው።

«ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል።

«ይመጣል» አለ። 

ችግሩ የመጣው ጓደኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲገቡ ነው። ጁስ ቤት ጠርተውት ሳይወድ ሄደ። ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌ፣ ስለ ሌክቸር ሲያወሩ ብርጭቆውን እያዞረ ይሰማል። ወንዱ የሚባለው አብሮ አደጉ ድንገት ዞረበት።

«እኔ እምልህ፣ ያቺ ሐይቁ ዳር አብረሃት የምትውለው ትልቅ ሴትዮ ማን ናት? ሳንሰማ አገባህ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። የሐቢብ ፊት ነደደ።

«ኧረ ተወኝ አቦ! ከአረብ አገር የመጣች ሠራተኛ ናት። አስጠናኝ ብላ ሙጭጭ አለችብኝ፤ አሳዝናኝ ነው።»

ሳቁ አልቀጠለም። ወንዱ ከሐቢብ ትከሻ በላይ እያየ ነበር። ሐቢብ ሲዞር ሀውራ በሩ ላይ ቆማለች። በሙከራ ፈተናው ባዮሎጂ አንደኛ መውጣቷን ልታበሥረው እየሮጠች መጥታ ኖሮ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። አንድ ጊዜ አየችውና ዞራ ሄደች።

ሐቢብ አልተከተላትም። ጓደኞቹ እያዩት መነሳት አፈረ። ጁሱን እስከ መጨረሻው ጠጣ። በኋላ ስለዚያ ቀን ሲያስብ ከተናገረው ነገር ይልቅ ያ ጁስ ነበር የሚያንገበግበው።

ሀውራ ቱቶሪያሉን ተወች። ሀያ የምትባል አክስቷ ዘንድ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሄዳ ብቻዋን ማጥናት መጀመሯን ሲሰማ በባጃጅ ከዚያም በእግሩ ሄደ። ቃሪያ ስትኮተኩት አገኛት። ቀና አላለችም።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም።»

«ሀውራ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው...»

«ሰይጣንን ተወው፣ እሱ ጁስ ቤት አልነበረም።» መኮትኮቻውን አስቀመጠች። «ጅዳ የምሠራበት ቤት እንግዳ ሲመጣ ‹ይቺ ማን ናት?› ይላሉ። እመቤቲቱ ‹ሠራተኛዋ ናት› ትላለች። አምስት ዓመት ማንም በስሜ አልጠራኝም። አገሬ ገብቼ በስሜ በደስታ ሲጠራኝ የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ሐቢብ መልሱን አወቀው።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

«ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ። አብሬህ መቀመጥ ግን አልችልም። ሂድ፣ ፈተናህን አጥና።»

ፈተናው አለፈ። በክረምቱ መጨረሻ ውጤት ሲወጣ ሀውራ አለፈች። ሐቢብ በባዮሎጂ ከፍተኛ ነጥብ አመጣ፤ በጠቅላላው ግን ወደቀ። እናቱ ዋሲላ ጎረቤት በጠየቃት ቁጥር «ኔትወርክ የለም፣ ገና አላየንም» ስትል ከጓዳ ይሰማታል። ኔትወርኩ ሳምንት ሙሉ አልመጣም። እናቱን ውሸታም ያደረጋት እሱ መሆኑ አላስተኛው አለ። ደላላ ፈለገ። በባቲ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር፣ ከዚያ ሪያድ ሊሄድ ቆረጠ።

የሚሄድበት ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣው ሚኒባሱ ላይ ተጭኖ ሳለ ሀውራ በሕዝቡ መሀል እየተጋፋች መጣች። ዋሲላ ናት በሯ ድረስ ሄዳ እያለቀሰች የነገረቻት። ሐቢብ ለእናቱ ስለ ሀውራ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ እናት ግን እናት ናት።

«በባሕር ልትሄድ ነው?»

«ምን ላድርግ? ሁለቴ ወደቅኩ። ሰው ፊት መቆም አቃተኝ።»

«እኔ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። በባሕር የመጡትን፣ ወደ አገር ልመለስ ስል ባቆዩኝ እስር ቤት አግኝቻቸዋለሁ። ከሐይቅ አብረው ከተነሱት ስንቱ እንደደረሰ ጠይቄያቸው አንዳቸውም አልመለሱልኝም።» ሚኒባሱ ላይ ወደተጫነው ሻንጣ አየች። «ሐፍረት አይገድልም፣ ሐቢብ። እኔ ጁስ ቤት በር ላይ ቆሜ አልሞትኩም።»

«አንቺ አልፈሻል። እኔ ምን ልሁንልሽ?»

«የወደቀ አይወደድም ያለህ ማነው?»

ቃሉ ካፏ ካመለጠ በኋላ ደነገጠች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። 

«ወንድም፣ ትሳፈራለህ አትሳፈርም?» ሲል ረዳቱ ጮኸ።

«አይሳፈርም» አለች ሀውራ።

ሐቢብ ሚኒባሱ ላይ ወጥቶ ሻንጣውን አወረደ።

በዚያው መስከረም ግብርና ኮሌጅ ገብቶ የችግኝ ሥራ መማር ጀመረ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ የሀውራ አባት ሼህ ኑርዬ ጆሮ ደረሰ። ልጃቸው በጠራራ ፀሐይ ከወንድ ጋር መናኸሪያ መቆሟን የሰሙት ሼህ ሐቢብን አስጠሩት። ቤቱ ዘመድ ሞልቶበታል።

«ምን ትሠራለህ?» አሉት።

መንገድ ላይ ያሰባቸው ያማሩ መልሶች ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ። ዋጣቸው።

«ማትሪክ ሁለቴ ወድቄያለሁ ሼህ። አሁን ኮሌጅ ገብቼ ስለ ተክል እማራለሁ። ልጅዎን አንድ ቀን በጓደኞቼ ፊት ክጃታለሁ፤ ወላሂ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። እወዳታለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

ሼህ ኑርዬ ጺማቸውን ዳበሱ። «መውደቅህን ሰምቻለሁ። መካድህንም ነግራኛለች። የመጨረሻውን ግን ገና ዛሬ መስማቴ ነው።» ወደ መጋረጃው ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ዕቃውን ጨርሰሽ ከመስበርሽ በፊት ውጪ።»

ሀውራ ወጥታ ካባቷ ጎን ተቀመጠች።

«እሱ ኮሌጁን ይጨርስ፣ እኔም የመጀመሪያ ዓመቴን። ከዚያ በኋላ ኢንሻአላህ ኒካሁ ይታሰር» አለች። ቀና ብላም ሐቢብን አየችው።

የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሐቢብ እስከ ጆሮው ቀላ። አንገቱን ግን አልደፋም።