ፔርሙሱ ውስጥ ሻይ የለም

«ፔርሙሱን ወዲህ በል፤ እኔ ልያዘው» አለች እናቱ። የአውሮፕላን ማረፊያው የፍተሻ ሰልፍ አንድ እርምጃ ወደፊት ፈቀቅ አለ።

ጠበቃው ሰጣት። «ጠበቃው» የሚለውን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት፤ አፉን ከፈታ ጀምሮ ክርክር ይወዳል ብላ። አሁን ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማረው የውጭ ቋንቋ በዚህ ጉዞ ለሁለቱም ይሠራል። እናቱ የዚህን አገር ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። ከአውሮፕላኑ ከወረዱ ወዲህ ሽንት ቤት እንኳ ያገኘችው በእሱ አፍ ነው።

ፔርሙሱ ውስጥ ያለው በእርጥብ ጥጥ የተጠቀለለ የብርቱካን ቅርንጫፍ ነው። ዛፉን የተከሉት አያቱ ናቸው፤ እናቱና አክስቱ ያደጉት ከሥሩ ነው። አያቱ ሲሞቱ ቤቱ ተሸጠ፤ ገዢው ደግሞ ጋራዥ ሊሠራበት ዛፉን አስቆረጠው። እናቱ ቀድማ ይቺን ባታተርፍ ኖሮ አንድ ቅጠል አይቀርም ነበር። እዚህ አገር የምትኖረው፣ እሱን ከወለደች ወዲህ ያላየቻት እህቷ ዘንድ ባዶ እጇን ላትሄድ ምላለች።

አውሮፕላን ላይ ግን እናቱ ሌላ ሰው ነበረች። ጠበቃው እግሩን ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ ሲሰቅል በክርኗ ጎሸም አድርጋ «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል! በሰው አገር እንዳታሰድበኝ» ብላው ነበር።

ከሰልፉ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ተነቅለው የተቃጠሉ የብርቱካን ዛፎች። ጠበቃው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ከውጭ በገባ ችግኝ የመጣ በሽታ ነው ይላል። ተክል የያዘ መንገደኛ አስቀድሞ ከተናገረ ዕቃው ብቻ ይወሰዳል፤ ደብቆ ከተገኘ ግን ይቀጣል፣ ወደመጣበትም ሊመለስ ይችላል።

«እማዬ፣ አክስቴ የምትሠራው ብርቱካን እርሻ ላይ አይደል?»

«አዎ፣ ትለቅማለች። ምነው?»

ጽሑፉን ተረጎመላት። እናቱ ፎቶውን ትንሽ አየችውና ፊቷን መለሰች።

«የአባቴ ዛፍ አንድ ቀን እንኳ ታሞ አያውቅም። ደግሞስ ማን ፔርሙስ ይከፍታል?»

«ከከፈቱትስ?»

«ጠበቃዬ፣ ችሎቱን ለሌላ ቀን ቅጠረው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን ፎቶውን እንደገና አየው።

ተራቸው ደረሰ። ሠራተኛዋ ጓንት ያጠለቀች፣ ትሕትና የማይጎድላት ሴት ናት። ፓስፖርታቸውን አገላብጣ አየችና አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ምን አለች?» አለች እናቱ።

«ተክል ይዛችኋል ወይ ነው የምትለው።»

«የለም በላት» አለች፣ ለሠራተኛዋ ፈገግ እያለች።

ጠበቃው በሁለቱ መሃል ቆመ። በሁለቱም ወገን የሚባለውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። «የለም» ቢልና ቢያልፉ፣ ቅርንጫፉ አክስቱ ደጅ ይተከላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፎቶው ነግሮታል። ቢያዙ ደግሞ እናቱ ውጭ በሩ ላይ የምትጠብቃትን እህቷን ሳታይ ትመለሳለች። ሌላም መንገድ ነበረው፤ ለሠራተኛዋ እውነቱን ተናግሮ እናቱን «ራሷ ነቃችብን» ማለት። ይሄኛው ከሁሉም ይቀል ነበር።

«እማዬ» አለ፣ «የለም አልላትም። አለ ልላት ነው።»

የእናቱ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ፔርሙሱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ያንተን አፍ አምኜ ነው የመጣሁት» አለችው ቀስ ብላ።

ቢሆንም ወደ ሠራተኛዋ ዞሮ ነገራት።

ሠራተኛዋ ክዳን ያለው ሣጥን ከፍታ ጠበቀች። ጠበቃው ፔርሙሱን ለመቀበል እጁን ቢዘረጋም እናቱ አልሰጠችውም። ራሷ ከፈተችው፣ ጥጡን ገለጠች፣ ቅጠሉን አሸተተችና ቅርንጫፉን ሣጥኑ ውስጥ አጋደመችው።

«የአባቴ ነው በላት» አለች፣ ዓይኗን ከሣጥኑ ሳታነሳ። «በገዛ እጁ የተከለው። ፍሬው ማር ነበር በላት።»

ሠራተኛዋ ይህን አልጠየቀችም፤ ከኋላቸው ያለው ሰልፍም ረጅም ነው። ጠበቃው ግን አንዲት ቃል ሳይቀንስ ተረጎመላት።