ሳይታጨድ የሚያድር ሣር

«ማን አጨደው?» አለች ሰብለ ወንጌል።

ነጠላዋን ለሐዘን እንዳዘቀዘቀች፣ ጫማዋ ላይ የቆላ ድባ አቧራ ሳይራገፍ፣ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ መስኩ ነው የመጣች። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። ደስ ይላታል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሳጭድ የሰነበትሁ ሰው እኮ ነኝ። አፌን ከፈትሁ። ፊቷን ሳይ ግን ማጭዴን ከኋላዬ ደበቅሁ።

ይኼኔ የመሬቱ ባለቤት ጋሽ አካሉ ምርኩዛቸውን ተደግፈው «እኔ ነኝ» አሉ። «ከብቶቼ ተራቡ። አጨድሁት።»

ቆይ፣ ከሥሩ ላውራችሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሰፈራችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው፤ እኔ ከተማ ባጃጅ ነበር የምነዳ። አንድ ጠዋት ላማችን ገመዷን በጥሳ ጋሽ አካሉ መስክ ገባች። ስከተላት አንዲት ልጅ ሣሩ መሀል በጉልበቷ ትድሃለች። ቀለበት የጣለች መስሎኝ እኔም አጎንብሼ መፈለግ ጀመርሁ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ዝም በል፣ ትበራለች» አለች ቀና ብላ ሳታየኝ።

ለካ ቢራቢሮ ናት። አውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ስታርፍ ዝገት የምትመስል፣ ክንፏን ስትከፍት ግን ጣናን በማለዳ ያየ ሰው የሚያውቀው ሰማያዊ። ሰብለ እንዳለችኝ፣ በሐይቁ ዙሪያ ሣሩ እየታረሰ አልቃ የቀረችው እዚህ መስክና ደልጊ በኩል አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው የላካት ይችን እንድታጠና ነው። ጋሽ አካሉን አስፈቅዳ መስኩን በቀይ ክር ሦስት ቦታ ከፍላዋለች። አንዱ ይታጨዳል፣ አንዱን ከብት ይግጠዋል፣ አንዱ ሳይነካ ያድራል። በየዓመቱ ተራው ይዞራል። ጭራሽ ካልተነካ ቁጥቋጦ ይውጠዋል፤ ሁሉም ከታጨደ ደግሞ የቢራቢሮዋ ትልም እንቁላልም ከሣሩ ጋር ይሄዳል።

ይኼን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ አስር ጊዜ አስረድታኛለች፤ እኔ ግን ስታወራ የማየው ዓይኗን ነበር። «ገባህ?» ስትለኝ «በደንብ» እላለሁ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ባጃጄን እያቆምሁ እሄዳለሁ፣ ደብተሯን እይዝላታለሁ፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ደስ ሲል!

ኅዳር ላይ የሚታጨደውን አብረን ማጨድ ጀመርን። እንደጨረስን አያቷ ሞቱ፤ ለለቅሶ ቆላ ድባ ሄደች።

እኛ አገር ሐዘን የገባበት ሰው ሥራ አያድርም። ጎረቤት ሳይጠራ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሐዘኑ ሲመለስ ተሠርቶ ነው የሚያገኘው። ታዲያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቀይ ክር የታሰረበትን ረጅም ሣር እያዩ «የከተማ ልጅ እኮ ናት፣ አጭዳ እንኳ አልጨረሰች» እያሉ ሲስቁ ሰማሁ። ከነከነኝ። ማጭዴን ስዬ ገባሁ። አንድ ዘለላ አላስቀረሁም። ክሩን ሳይቀር ጠቅልዬ አስቀመጥሁላት፤ ክምሩንም ጋሽ አካሉ ግቢ አሳምሬ ከመርሁት።

እንግዲህ ከለቅሶ የተመለሰች ቀን ሰብለ በተቆረጠው ሣር ላይ ተንበርክካ ትል ስትፈልግ ዋለች። ከመሄዷ በፊት አርባ አንድ ቆጥራ ነበር። አንድም አላገኘችም። ስትነሳ ጋሽ አካሉን «እርስዎን እንደ አባቴ ነበር የማይ» አለቻቸውና ሄደች።

ለምን እንደዋሹልኝ ጠየቅኋቸው።

«የለቅሶ ቤት ልጅ ናት» አሉ። «ባንድ ወር ሁለት ሰው አትጣ።»

እኔም ዝም አልሁ። ያቺን ዝምታዬን ዛሬም አልወዳትም።

የመስኩ ሥራ ተዘጋ፤ ሰብለ ቆጋ መስኖ ላይ ሥራ አገኘች። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ። ስለ ድንች፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ መራዊ ጭቃ ታወራኛለች። ወሬ ሲያልቅብን እንኳ ስልኩን አንዘጋም። እኔ ደግሞ ክሩን መልሼ አሰርሁ። አንዱን አጭዳለሁ፣ አንዱን አስግጣለሁ፣ አንዱን አሳድራለሁ። ጋሽ አካሉም በገዛ መሬታቸው ሣር እያለ ለከብቶቻቸው ገለባ ከገበያ ይገዛሉ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ መጣች፤ ቢራቢሮዋን ነው የምላችሁ። ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ፤ አጥር ሥር የተረፈ ይኖር ይሆናል። በስልኬ ቀርጬ ላክሁላት። በማግሥቱ ሰብለ ራሷ መስኩ ላይ ነበረች። ስድስት ቆጠረች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ፀጉሯ ላይ የሣር ፍሬ ተጣብቆ።

«ሣህሉ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ለእኔ ብለህ ነው?»

«ለቢራቢሮዋ።»

ሳቀች። ወደ ሐይቁ እያየች «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። «ቅዳሜ አባቴ ገበያ ነው፤ እሑድ ይሁን።»

እኔ ወዲያው ሽማግሌዎቹን በልቤ መምረጥ ጀመርሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ። ያ ሰውዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይመጣ። ሠርጋችን ላይም ላየው አልፈልግም።»

ስንወጣ ጋሽ አካሉ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያይዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ለልጅ! አንገቷን ሳታዞር አለፈች።

በማግሥቱ ጋሽ አካሉ ዘንድ ሄጄ «እውነቱን እነግራታለሁ» አልኋቸው። ተቆጡ። «ሦስት ዓመት የተሸከምሁትን በሠርግህ ዋዜማ ልታፈርሰው ነው ወይ?» አሉኝ። ኋላ ግን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ፣ ቀስ ብለው፦

«ብቻ አንድ ቀን ‹እንዴት ዋሉ› ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ማለዳ ወደ ቆላ ድባ ይነሳሉ። ከነገርኋት «ሽማግሌ ላክ» ያለችው ለሌላ ሰው ሊሆን ነው፤ መስኩን ያጠፋሁት እኔ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እያየሁ ጋሽ አካሉን ያስጠላሁባት እኔ። ካልነገርኋት ደግሞ ይኼው፣ እሳቸው እዚያው ደጃፍ ላይ ብድግ እያሉ ይቀመጣሉ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር?