ኳ! ኳ! ለአባዬ

ትርሲት የምትኖረው በጣም በሚበርድ ከተማ ነው። እዚያ ሐይቁ ሳይቀር በረዶ ይሆናል!

አባቷ መርዕድ በበረዶ ላይ ሆኪ የሚባል ጨዋታ ይጫወታል። እግሩ ላይ ስለት ያለው ጫማ፣ እጁ ላይ ረጅም ዱላ። ሽው! ሽው! ሽው!

በዱላው የሚመታው ኳስ አይደለም። ጥቁር፣ ክብ፣ ጠፍጣፋ ጎማ ነው።

መርዕድ ተከላካይ ነው። የተከላካይ ሥራ ግብ እንዳይገባ መከልከል ነው።

እሱ ግን የት አርፎ ይቀመጣል! ከኋላ ተነሥቶ፣ ሽው! ሽው! ሽው! ብሎ ሄዶ፣ ጎማውን ጧ! ያደርገዋል።

«ገባ!» ይላል ሕዝቡ። ከተከላካዮች ሁሉ የእሱን ያህል ግብ ያገባ የለም።

ከጨዋታ በፊት የዱላውን ጫፍ በጥቁር ፕላስተር የምትጠቀልለው ትርሲት ናት። ጥቅልል፣ ጥቅልል፣ ጥቅልል!

«እጅሽ ይባረክ» ይላል አባቷ። «አንቺ ካልጠቀለልሽልኝ አልጫወትም።»

አንድ ቀን መርዕድ በጨዋታ ላይ ወደቀ። ጉልበቱን ይዞ ተኛ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀስ ብሎ ተነሣ። ያኔ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች በዱላቸው በረዶውን መቱ። ኳ! ኳ! ኳ!

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የሚያንኳኩት?» አለች ትርሲት።

«ወድቆ ለተነሣ ሰው ነው» አለች እናቷ። «አይዞህ ማለታቸው ነው።»

ጉልበቱ ግን አልዳነም። ሐኪሙ፣ «አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወት፤ ከዚያ ይበቃሃል» አለው።

ትርሲት ፕላስተሩን ወስዳ ቦት ጫማዋ ውስጥ ደበቀችው።

ፕላስተር ከሌለ ጨዋታ የለም። ጨዋታ ከሌለ ደግሞ የመጨረሻ ጨዋታ የለም!

አባቷ አልጋ ሥር ፈለገ። የለም። መሳቢያ ውስጥ ፈለገ። የለም።

«ትርስዬ፣ ፕላስተሩን አይተሻል?»

ትርሲት አለቀሰች። ከዚያ ቦት ጫማዋን ገለበጠችው፤ ፕላስተሩ ዱብ አለ።

አባቷ አልተቆጣም። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እኔም እንዲያልቅ አልፈልግም፣ የኔ ልጅ» አለ። እሱም አለቀሰ።

አልቅሰው ሲጨርሱ ጠቀለለችለት። ጥቅልል፣ ጥቅልል፣ ጥቅልል።

በመጨረሻው ጨዋታ መርዕድ፣ ሽው! ሽው! ሽው! ብሎ ሄደ። ጎማውን ጧ! አደረገው።

ጎማው የግቡን ብረት መትቶ ተመለሰ። አልገባም።

ጨዋታው አለቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መርዕድም እጁን አውለበለበ። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርዕድ ከአልጋው አልወረደም።

«ቁርስ ደርሷል!» አለች እናቷ። አልተነሣም።

«አባዬ፣ ተነሥ!» አለች ትርሲት።

«ለምን ልነሣ? ዛሬ ጨዋታ የለኝም» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ትርሲት ሄዳ ዱላውን እየጎተተች አመጣች። ከእሷ ይረዝማል! በሁለት እጇ ይዛ ወለሉን መታች።

ኳ! ኳ! ኳ!

ብርድ ልብሱ ትንሽ ተነቃነቀ።

ኳ! ኳ! ኳ!

የአባቷ ፊት ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። አንድ እግሩን አወረደ። ሌላውንም አወረደ። «እህህ!» ብሎ ቆመ።

«ተነሣሁ» አለ።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀስ እያሉ ወደ ቁርስ ሄዱ። ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐዘኑም ገና አልለቀቀውም።

«ነገም ታንኳኪልኛለሽ?» አላት።

«ነገም አንኳኳልሃለሁ፣ አባዬ» አለች ትርሲት።