የደጃፋችን ከፍታ

ይህ በእኔው ቤት የሆነ ነው። ልጄ እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የምታምነኝ፤ ብትጠራጠሩ አልቀየማችሁም።

ጊዜው ያለፈው ነሐሴ፣ ፈረንጆቹ 2017 በሚሉት ዓመት ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ነበር። ቦታው ኦክላንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማችን።

ልጄ ዮርዲ ሐሙስ ዕለት ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ተራራ ልትወጣ ሄዳለች። አራት ቀን በእግር።

እኔ አልወደድኩትም። ሳኒቬል በምትባል የሜዳ ከተማ የሚኖር አሮን የሚባል ልጅ ይደውልላታል። ስለ እሱ ስጠይቃት ትስቃለች።

"ተራራው አሮን ነው እንዴ የሚባለው?" አልኳት።

"ማም... ፕሊስ።"

ዮርዲ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም።

እንዳልጨነቅ ብላ የስፖርት ሰዓቷን አሳየችኝ። የቆመችበትን ከፍታ በአየር ግፊት ይለካል። ቦርሳዋ ላይ የምታንጠለጥላት ትንሽ የሳተላይት ማሽን ደግሞ ቁጥሩን ወደ ስልኬ ትልካለች። የሰዓቱ ባትሪ እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ጂፒኤሱን አጠፋች፣ መብራቱን አጠፋች፣ የልብ ምት መለኪያውንም አጠፋች።

"ዋንስ ኤ ዴይ፣ ማም። ማታ ብቻ። ከፍታ ኤንድ ባትሪ። ዛትስ ኢት።"

ከመሄዷ በፊት ደጃፋችን ላይ ቆማ ሰዓቱን አስተካከለችው። መነሻውን በትክክል ካልነገሩት ተራራውንም ይስታል አለችኝ። የደጃፋችን ከፍታ 112 ጫማ ነው። ደረጃውን ስትወርድም ቁጥሩን እየጠራችልኝ ወረደች። መንገዱ ጋ ስትደርስ 84 ሆነ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ፣ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ቁጥር ግን አልስትም።

ሐሙስ ማታ 8200 መጣ፣ ባትሪ 91። ዓርብ ማታ 9600፣ ባትሪ 80። ተመስገን ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ግን መልእክቱ በቀን መጣ።

130... ባትሪ 94።

ደግሜ አነበብኩት። ከፍታው ወርዷል። ባትሪው ግን ጨምሯል።

ተራራ ላይ ሶኬት የለም። ሶኬት ያለው ሰው ቤት ነው።

ሳኒቬል፣ አልኩ በልቤ።

አንድ ሰዓት ያህል ቤት ውስጥ ስንቆራጠጥ ቆይቼ ታችኛው ፎቅ ለሚኖሩት ጎረቤቴ ለእትዬ ኣምለሰት ደወልኩ።

"ልጅቷ ዋሽታኛለች፣ እትዬ። ተራራ ላይ አይደለችም።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሰዓቷ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህችን የምታህል ልጅ በሰዓት ታስሪያታለሽ? በግ እንኳ እንዲህ አይጠበቅም።"

መልስ ሳልሰጣቸው ሌላ ቁጥር መጣ።

84... ባትሪ 97።

መንገዳችን።

መጣች፣ አልኩ። ተጣልተው ነው። ስልኩን በእትዬ ኣምለሰት ላይ ዘጋሁትና የምናገራትን በልቤ እየደረደርኩ በሩ ጋ ቆምኩ።

93...

በቀን አንዴ የተባለው መልእክት እጄ ውስጥ በላይ በላዩ ይገባል።

102...

ደረጃችን የእንጨት ነው። ድመት ስትወጣበት እንኳ ይሰማል። አሁን ግን ምንም አይሰማም።

112። ባትሪ 100።

በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ድምፁ የዮርዲ ነው። የበሩን ሰንሰለት ያዝኩ።

"የት ነበርሽ?"

"ደክሞኛል፣ እማዬ... ክፈቺልኝ።"

እጄ ሰንሰለቱ ላይ ቀረ።

እኛ የአገር ቤት ሰዎች ስናንኳኳ ሁላችንም "እኔ ነኝ" ነው የምንለው። ዮርዲ ግን "ኢትስ ሚ፣ ማም" ነው የምትለው። አንድ ቀን እንኳ "እማዬ" ብላኝ አታውቅም። ይሄኛው አማርኛ ንጹሕ ነበር። የራሴ አማርኛ... የወሎ ቅላፄዬ ሳይቀር።

ያኔ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ማም? ኢትስ ሚ። ሬንጀሮቹ... የፓርኩ ዘበኞች... ስልክ ሰጡኝ። ሊስን... ዶንት ፍሪክ አውት።"

አትደንግጪ ማለቷ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"ሰዓቱ ኤንድ ማሽኑ ወንዝ ገቡ። ሐሙስ፣ ፈርስት ዴይ። ምንም አልላክሁልሽም። አይ ኖው ተጨንቀሻል። ሶሪ፣ ማም።"

ሐሙስ። ገና አንድ ቁጥር ሳትልክልኝ።

"ማም? አር ዩ ዜር?"

ከበሩ ውጪ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደሚለማመድ ሰው...

"ማም... ዶንት... ፍሪክ አውት።"

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እትዬ ኣምለሰት ስልኩን ስለዘጋሁባቸው ሊያዩኝ ወጡ።

"ክፈቺ፣ ኣምለሰት ነኝ።"

"እዚያ ማን አለ፣ እትዬ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ማን ይኖራል? እኔ ብቻ ነኝ። ምንጣፍሽን ግን ለምን በውሃ ነከርሽው?"

ስከፍት ኮሪደሩ ባዶ ነበር። የእግር መጥረጊያው ምንጣፍ ርሷል። በእጄ ነካሁት። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ የወንዝ ሽታም አለው።

ዮርዲ እሑድ በሰላም ገባች። አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። አቅፌያት ብዙ ቆየሁ፣ ስለ አሮንም አላነሳሁባትም። ቁጥሮቹን ሳሳያት ፊቷን ኮስተር አደረገች።

"ውሃ ገብቶበት ነው። ግሊች ነው፣ ማም።"

"ያናገረኝስ?"

ስልኬን ወስዳ ቁጥሮቹን ደግማ አየች።

በማግስቱ የማሽኑን አገልግሎት ደውላ አዘጋችው። ቁጥሩ ግን አልቆመም። በየማታው ይመጣል።

112። ባትሪ 100።

ብዙ ማታ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ አዳምጫለሁ። ውጪው ጸጥ ያለ ነው። ሰንሰለቱን አጥብቄ እተኛለሁ። ልጄ ውስጥ ናት፣ እሱ ውጪ ነው፣ እል ነበር።

ትናንት ግን አንድ ነገር ገባኝ።

ሰዓቱ የሚናገረው ከፍታን ብቻ ነው። ደጃፉም፣ ሳሎኑም፣ ዮርዲ የምትተኛበት ክፍልም... ሁሉም 112 ናቸው።

ዛሬ ጠዋት በሩን ከፍቼ የውጪውን ምንጣፍ ነካሁት። ደረቅ ነው።

የረጠበው በልጄ አልጋ ሥር ያለው ምንጣፍ ነው።