በማር የተለወሰ መሥዋዕት

ቅዳሜ ማለዳ፣ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ልብስ ቤት ጀርባ በሚገኝ የጸሎት አዳራሽ ውስጥ መምህር ሀይለገብርኤል እጁ ወደ ኋላ ታስሮ፣ ጉሮሮው ታርዶ ተገኘ። ግራና ቀኙ ሁለት የታረዱ ጠቦቶች ተጋድመዋል። እግሩ ሥር እርሾ የገባበት፣ በማር የተለወሰ ሊጥ ተቀምጧል። መምህሩ የጥንት እስራኤላውያን በሰንበት ያቀርቡት ስለነበረው መሥዋዕት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር።

መርማሪ ሮሐ የአዳራሹ ቁልፍ ያላቸውን ሦስት ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች።

«ይደበድበኝ ነበር» አለች ሚስቱ ዶርካስ። «ሲሞት አላለቀስኩም። ግን አልገደልኩትም። ትምህርቱንም አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።»

ሬሳውን ያገኘው ምክትሉ ቶማስ ነው።

«ከኢንግልዉድ መኪናዬን ድራይቭ አድርጌ መጥቼ በሩን ስከፍት ሁሉም እንደዚሁ ተጋድሞ ነበር። ሚስቱ ናት! መጽሐፉ ዘይት ነው የሚለው፤ ማር ከየት መጣ? ያ የሚያነክስ በግስ? ነውር ያለበት እንደማይቀርብ እንኳ አታውቅም።»

የቶማስ ሚስት ትርሲት መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

«ልጃችን ሶሊያና እግሯን ታነክስ ነበር። መምህሩ ከመዘምራን አስወጣት። ‹ነውር ያለበት ወደ መሠዊያው አይቀርብም› አላት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ራሷን አጠፋች።»

«ጋሼ ቶማስ ምን አሉ?»

«ምንም። በቀጣዩ ቅዳሜ እዚሁ መጥቶ ‹አሜን› አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሮሐ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«የማያውቅ ሰው አንዱን ቢስት ሌላውን ያገኛል» አለች። «እዚህ ግን እርሾ፣ ማር፣ ነውር ያለበት ጠቦት፤ ሕጉ የከለከለው አንድ በአንድ ተሟልቷል። እንዲህ አጥርቶ የሚሳሳት ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ጥፋቱ እትዬ ዶርካስ ላይ እንዲያርፍ የፈለገ ሰው።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ቶማስ።

«አይደለም። ማስረጃው የሚያነክስ ያሉት በግ ነው። እግሩ ላይ ያለውን የቆየ ስብራት የእንስሳት ሐኪሙ ያገኘው በራጅ ነው፤ ከውጭ አይታይም። እርስዎ በሩን ሲከፍቱ በጉ ሞቶ ነበር። የሞተ በግ ሲያነክስ እንዴት አዩ?»



«በቁሙ እያየ ጠቦቶቹን ፊቱ አረድኳቸው» አለ ቶማስ። «ዐይኑን ሲጨፍን ጸጉሩን ይዤ ቀና አደረግሁት። እሱን ያረድኩት መጨረሻ ላይ ነው።»

«እኔስ?» አለች ዶርካስ። «እኔ ምን አድርጌህ ነበር?»

«ምንም።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ መጥቶ ካቴና ሲያጠልቅለት ትርሲት ተነስታ ተጠጋችው።

«ለምን ሳትነግረኝ?» አለችው። «እኔም እመጣ ነበር።»