ሐመልማል ለአባቷ ያልነገረችው

ባለሱቁ አቶ መርሻ ልጃቸው ሐመልማል አሰላ ፋርማሲ እንደምትማር ለጎበሳ ሰው ሁሉ ተናግረዋል። በቤታቸው መግቢያ ላይ ያለችውንም ክፍል መድኃኒት ቤት ትሆናለች ብለው ቀለም አስቀብተዋታል።

ሐመልማል ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመረጠችው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን ከሚዲያና ባህል ጋር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአባቷ መናገር አቃታት።

በሦስተኛው ዓመት መምህሯ ለአንድ ሥራ ከክፍል ጓደኛዋ ከቱፋ ጋር አጣመራት። ቱፋ የዴራ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። ክፍል ውስጥ ያነበቡትን አጭር ልብ ወለድ በአማርኛ የሬዲዮ ድራማ እንዲያደርጉት ታዘዙ። ወር ሙሉ በየቃሉ ተከራከሩ። አንድ ቀን ሐመልማል «ናፍቆት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቱፋ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አያት። የምታነበው መስመር ጠፋባት።

ድራማውን በራሳቸው ድምፅ ቀርጸው ሲጨርሱ ቱፋ ሊያስደስታት ብሎ፣ ሳይነግራት፣ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ላከው። ቅዳሜ ጠዋት ተላለፈ። በመጨረሻም የሐመልማል መርሻ ስም ከነትምህርት ክፍሏ ተነበበ።

ከሰዓት በኋላ አባቷ ደወሉ። ነገ እመጣለሁ ብለው ዘጉት።

ሐመልማል ቱፋ ላይ ጮኸች። አባቷ ከትምህርቷ እንደሚያስወጧት እርግጠኛ ነበረች። ቱፋ ምስጢሯን የሰማው ገና ያኔ ነው።

በማግስቱ መናኸሪያ ስትደርስ ቱፋ ቀድሟት ቆሟል። አቶ መርሻ ከመኪናው ሲወርዱ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ድራማውን የላከው እሱ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ነገራቸው።

አቶ መርሻ ትንሽ አዩትና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ድምፅሽን ስሰማ ሱቁን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እኔ ይህን ያህል የማስፈራ አባት ነኝ?»

«እንዳላሳዝንዎት ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ያሳዘነኝ መዋሸትሽ ነው። ቀለም ያስቀባኋትን ክፍል አከራያታለሁ። አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ።»

ሦስቱም አብረው ምሳ በሉ። አባቷ ተመልሰው ሲሄዱ ሐመልማል መንገድ ዳር ተቀመጠች። ስታለቅስም ስትስቅም ቱፋ ከጎኗ ተቀመጠ። ሳይነግራት ስለላከው ይቅርታ ጠየቃት።

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆጣም ነበር» አለችው፣ ወደ አስፋልቱ እያየች።

ቱፋ ገባው። እጇን ያዛት፤ አላስለቀቀችውም።

በተመረቁ በዓመቱ ቱፋ ጎበሳ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ ዙሪያውን እየዞሩ ሊያስረዱ ሲጀምሩ አቶ መርሻ ፈገግ አሉ።

«አትድከሙ» አሏቸው፤ «ልጄ ቀድማ ነግራኛለች።»